ብርዱ ወዴት ይሄዳል?

ትምህርት ቤት «ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ» እያልን ስንሸመድድ መጨረሻ ላይ የምትመጣ አንዲት ቃል ነበረች፦ ውርጭ። በመጽሐፉ ላይ የቦታ ስም ነች። ብዙውን ጊዜ ከ3200 ሜትር በላይ ያለውን፣ ገብስ እንኳ እየተግደረደረ የሚበቅልበትን አገር ትሰይማለች። ደጋ ያደገ ሰው ግን ውርጭን በካርታ አያውቀውም። ለእሱ ውርጭ ቦታ ሳይሆን ሌሊት ነው። «ውርጭ መታው» ይላል፣ ሰው ሰውን እንደሚመታ። ማታ አንገቱን ቀና አድርጎ የነበረ ባቄላ ጠዋት ሲያዩት በፈላ ውሃ የተነከረ ይመስላል፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ይዝለፈለፋል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ክው ብሎ ይደርቃል።

የሚገርመው፣ ይህን የሚያደርጉት ሌሊቶች በዓመቱ ውስጥ በጣም ቆንጆዎቹ ናቸው። ክረምቱ አልቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን አካባቢ ካደራችሁ ወጥታችሁ ኮከብ እዩ። ለፎቶ ይመቻል። ለቃሪያ አይመችም። ምድር ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከዚያ ሙቀት ብዙውን ተቀብሎ ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ደመና የምድር ጋቢ ነው ማለት ይቻላል። ሰማዩ ባዶ ሲሆን ግን ሙቀቱ ዝም ብሎ ይሄዳል። ቅጠል ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ከአየሩም ብሶ ይቀዘቅዛል። ስልካችሁ 2 ዲግሪ እያለ ጓሮው ነጭ ሆኖ የሚነጋው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ስለ ጓሮ አትክልትና ውርጭ የሚሰጠውን ምክር ብታነቡ፣ ዩቲዩብም ላይ ብትፈልጉ፣ ምክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ሸፍን፣ አጠጣ፣ አጭስ፣ አጥር ሥራ። ሁሉም «የኔን እንዴት ላድን?» ለሚል ሰው የተሰጠ መልስ ነው። እሺ፣ ጥሩ። ግን ከኔ ጓሮ የተባረረው ብርድ የት ሄደ?

የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ጋ እጁን ያወጣል። ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ ብርድ የሙቀት እጦት ነው፣ የሌለ ነገር ደግሞ የትም አይሄድም። ልክ ነው። የቀዘቀዘ አየር የሚባል ነገር ግን አለ። ከሞቀው አየር ይከብዳል፤ ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርዳል፤ እንደ ውሃ ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጎ እዚያ ይተኛል። ሸለቆ ውስጥ ያለ ጓሮ ተራራው ወገብ ላይ ካለው ቀድሞ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀትም ቢሆን ከባዶ አይመጣም፤ ከአንድ ቦታ ይወሰዳል፣ የሆነ ነገር ይቃጠላል፣ የሆነ ሰው ይደክማል። ስለዚህ ጥያቄው ቀልድ አይደለም።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ንጹሁ መሸፈን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አፈሩ ገና ሞቆ ሳለ፣ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ከላይ ጣል ይደረጋል። ጫፉ መሬት መንካት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጨርቁን እንደ ሻሽ ጠምጥሞ ግንዱ ላይ ያስረዋል። ሽፋኑ እኮ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ነው የሚይዘው። አፈሩን ውጭ ትተው ካሰሩት ምን ሊይዝ ነው? ላስቲክ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉን በነካበት ቦታ ያስመታል። ቀን ላይ አፈሩን ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይዞ ያመሻል። ፀሐይ ላይ የዋለ የጄሪካን ውሃም ሽፋኑ ሥር ቢያድር የያዘውን ቀስ እያለ ይሰጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወይም ዴንቨር ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሥራ ታውቁት ይሆናል፤ በበጋ ጓሮ የተተከለችው ቃሪያ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመጣ በአንሶላ ትሸፈናለች። ጎመኑ ግን ቀላል ውርጭ ቢያገኘው አይከፋም፤ እንዲያውም ብርድ ሲነካው ውስጡ ስኳር ያጠራቅማል፣ ይጣፍጣል።

ሰሜን ተራራና ባሌ ላይ ጅብራ ይህንኑ ያለ ማንም እርዳታ ታደርገዋለች። ማታ ቅጠሎቿን ወደ መሃል ሰብስባ ለጋውን እምብርት ትሸፍናለች፤ ሲነጋ ትከፍታቸዋለች። የራሷን ሙቀት ለራሷ ትይዛለች እንጂ አጠገቧ ላለው ሣር የምትልከው ብርድ የለም። ጋቢም እንደዚያው ነው። እኔ ጎመኔን ስሸፍን የጎረቤቴ ጎመን በአንዲት ነጥብ ዲግሪ እንኳ አይበርደውም።

እንደዚህ ብዬ ልጨርስ ስል ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው ሊነጋጋ ሲል፣ ከ11 ሰዓት አንስቶ ፀሐይ ብቅ እስክትል ነው። ነፋስ የገለጠውን ጨርቅ መመለስ ያለበት ያኔ ነው። ሲሞቅ ደግሞ ሽፋኑ መነሳት አለበት። ይህን የሚያደርገው ማነው? በብዙ ቤት ያቺ ቃሪያ የምትበላላቸው ሰዎች አይደሉም፤ የቤት ሠራተኛዋ ነች። ከተክሉ ላይ የተባረረው ብርድ ጎረቤት አልሄደም፤ ነጠላዋን ተከናንባ በባዶ እግሯ ጓሮ የወጣችው ልጅ ላይ ሄዷል። ከዚያም አሮጌው ብርድ ልብስ ለተክሉ ሲሰጥ ማን ይለብሰው እንደነበር መጠየቅም አለ። አንዳንድ ቤት ውስጥ መልሱ አያስደስትም።

ወደ ጭሱ እንሂድ።

እሳት አንድዶ ውርጭን ማባረር ያረጀ ሐሳብ ነው፤ ሮማዊው ፕሊኒ ከ1900 ዓመት በፊት ገለባና አረም በወይን እርሻ መሃል አቃጥሉ ብሎ መክሯል። ወደ ዘመናዊው ታሪክ ስንመጣ ደቡብ ካሊፎርኒያን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1913 ከባድ ውርጭ የብርቱካንና የሎሚ እርሻዎቹን ደመሰሰ። ከዚያ በኋላ ገበሬው በዛፎቹ መሃል ረድፍ በረድፍ ዘይት የሚያቃጥሉ ምድጃዎችን ደረደረ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ምድጃዎች ይለኮሳሉ። ጠዋት ሸለቆው በጥቁር ጭስ ተሸፍኖ ይነጋል። እዚያ ያደጉ ሰዎች ልጅ ሳሉ አፍንጫቸው ጥላሸት ሞልቶት ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር ያወሳሉ። የታጠበ ልብስ ላይ፣ መጋረጃ ላይ፣ ሳንባ ላይ ጥላሸት። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1947 የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ካቋቋመ በኋላ ነው የሚያጨሱት ምድጃዎች ቀስ በቀስ ከጨዋታ የወጡት።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ጭሱ ምንም አይጠቅምም ነበር። ተክሉን ያዳነው የእሳቱ ሙቀት ነው። ጭስ እንደ ደመና ሙቀት አይመልስም፤ ብናኙ ለዚያ በጣም ደቃቅ ነው። ጠዋት ላይ እንዲያውም ፀሐይዋን ከልሎ ተክሉ ቶሎ እንዳይሞቅ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ጭስ ይታያል፣ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ የሆነ ነገር እየተሠራ እንደሆነ ይሰማል። ሰው ለሚወደው ነገር የሆነ ነገር እያደረገ መሆኑ እንዲሰማው ብቻ የሌላውን ልጅ አፍንጫ ጥላሸት ሊሞላ ይችላል ማለት ነው። ኩበትም ይሁን አሮጌ ጎማ የሚያቃጥል ሰው ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል። በተለይ ጎማውን።

ጭሱን መኮነን ቀላል ነው፤ ጥቅም የለውማ። የሚከብደው የሚሠራው ዘዴ ነው። የሚሠራው ውሃ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት እብደት ይመስላል፦ ተክሉ እንዳይቀዘቅዝ ውሃ ይረጭበትና በረዶ እንዲያለብሰው ይደረጋል። ምሥጢሩ ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት መልቀቁ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም 334 ጁል ይለቃል። ውሃው ሳይቋረጥ እየተረጨ፣ እየረጋ እስከቀጠለ ድረስ በረዶው ውስጥ ያለው አበባ ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ አይወርድም። ውጭ ግን ከዚያ በታች ነው። ቆንጆ ሳይንስ ነው። አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ከተጀመረ መሃል ላይ አይቆምም። ቀድሞ ከቆመ እርጥበቱ እየተነነ ተክሉን ጭራሽ ካልተረጨው አብልጦ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ፓምፑን ማታ የለኮሰ ሰው ጠዋት ፀሐይዋ በረዶውን እስክታቀልጥ ድረስ እጁ ታስሯል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ዶቨርና ፕላንት ሲቲ በሚባሉ የእንጆሪ አገሮች፣ ለ11 ቀን ያህል በተከታታይ ሌሊቶቹ ወደ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወረዱ። እንጆሪው በክረምት ነው የሚለቀመው፤ አበባውም ፍሬውም ሜዳ ላይ ነበር። ገበሬዎቹ ፓምፖቻቸውን ለኮሱ፤ ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ተረጨ። የከርሰ ምድር ውሃው መጠን 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ያህል ወረደ። 750 ያህል የመኖሪያ ቤት ጉድጓዶች ለጊዜው ደረቁ። የዚያ አገር መሬት ከሥር የኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ባዶ ዋሻዎች አሉ፤ የዋሻዎቹን ጣሪያ ደግፎ የሚይዘው ደግሞ ውሃው ነው። ውሃው ሲወርድ ጣሪያው ይደረመሳል። 140 ያህል ቦታ ላይ መሬት ተከፈተ፤ ቤት ሥር፣ መንገድ ሥር።

ያንን ሌሊት በጎረቤቱ በኩል አስቡት። እናንተ እንጆሪ የላችሁም። ምናልባት እንጆሪም አትወዱም። ጠዋት ተነሥታችሁ ቧንቧ ትከፍታላችሁ፤ አየር ያንፏቅቅና ዝም ይላል። መስኮት ላይ ቆማችሁ ስታዩ ከመንገዱ ማዶ ሜዳው በሙሉ በበረዶ ተሸፍኖ በፀሐይ ያብረቀርቃል። የእናንተ ውሃ ነው ያ።

እነዚህ ገበሬዎች ስግብግብ ነበሩ ማለት ቀላል ነው፤ ግን አያስኬድም። ብድር አለባቸው፤ የሚለቅሙት ሠራተኞች በለቀሙት ልክ የሚበሉ ናቸው፤ ለተክል የሚራራ ሰው ደግሞ እያየ አያስመታም። ከዚህም በላይ አንዳቸውም ብቻቸውን የማንንም ጉድጓድ አላደረቁም። ጎረቤትየው ሄዶ የአንዱን በር ቢያንኳኳ ሰውየው በሐቅ «የኔ ፓምፕ ብቻውን ምን ያደርጋል?» ሊለው ይችላል። እውነቱን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ተረት መጥፎ ጎን እንዳለው የገባኝ ይህን ታሪክ ሳነብ ነው፤ ድር ቢያብር የሰው ጉድጓድም ያደርቃል፣ ከድሮቹም አንዱ እንኳ ጥፋተኛ ሆኖ አይገኝም።

ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ አበባው በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ለገበሬው ስለ ጎረቤት መስበክ ከንቱ ነው። ቢያቆም ተክሉን በገዛ እጁ ይገድላል፤ የጎረቤቱም ጉድጓድ አይሞላም፣ ሌሎቹ እየረጩ ነዋ። በውርጭ ሌሊት የሚወሰን ብዙ ነገር የለም። የተወሰነው ቀድሞ ነው፤ ምን እንደሚተከል፣ ስንት ሄክታር እንደሚተከል፣ ፓምፑ ከየት እንደሚጠጣ በተወሰነበት ፀጥ ያለ ቀን። እዚያም በኋላ የሆነው ይኸው ነው። የአካባቢው የውሃ አስተዳደር ለውርጭ መከላከያ የሚወጣውን የከርሰ ምድር ውሃ በ10 ዓመት ውስጥ በ20 በመቶ ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ፤ ተክል የሚሸፍኑበትን ጨርቅ ለሚገዙ ገበሬዎችም ወጪውን መጋራት ጀመረ። ያ ሁሉ ሳይንስ ዞሮ ዞሮ ወደ ጋቢው ተመለሰ።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ የምር የሚከብደኝም እሱ ነው። «የራስን ማስቀደም ነውር ነው እንዴ?» የሚለው። ሁሉንም ጎመን እኩል እወዳለሁ የሚል ሰው ጓሮው ባዶ ነው። ለእናቴ ያላለበስኳትን ጋቢ ለማን ላለብስ ነው? ፈላስፎች ለማንም አለማዳላትን እንደ ትልቅ ነገር ሲያወሩ እኔ ሁልጊዜ ትንሽ ይበርደኛል። ማዳላት ከሌለ መንከባከብ ራሱ የለም፤ ተንከባካቢ ማለት ከሌሎች ሁሉ ለይቶ አንዱን የሚሸፍን ሰው ነው።

ተቃውሞውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የምቀበለው ግን ለሙቀቱ ነው። ሙቀቴን ለማን እንደምሰጥ ማዳላት እችላለሁ፤ ሰውም አይከሰኝም። ብርዱን ለማን እንደምልክ ማዳላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጄን አለበስኩ ማለትና የሰው ልጅ ገፈፍኩ ማለት በአንድ «የራሴን አስቀደምኩ» ውስጥ ተጠቅልለው ሲቀርቡ እጠረጥራለሁ። ፍሎሪዳ ላይ የሆነው ይህ ነው፤ ልብስ የመሰለው መግፈፍ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። ግንቡን ውሰዱ።

እንበልና ተዳፋት ላይ ሁለት ጓሮዎች አሉ። ከላይ ያሉት እማማ ጎመንና ጥቂት ቃሪያ አላቸው። ከታች ያለው ወጣት የእሾህ አጥሩን አፍርሶ በሁለቱ ድንበር ላይ ሁለት ሜትር የብሎኬት ግንብ ገነባ፤ ለሌባ ብሎ ነው እንጂ ለውርጭ ብሎም አይደለም። ታኅሣሥ ሲገባ የልጁ ጓሮ ምንም አልሆነ። የእማማ ጓሮ ግንቡ ሥር ያለው በሙሉ ተመታ። ቁልቁል ሲወርድ የነበረው ቀዝቃዛ አየር በአጥሩ መሃል እየሾለከ ያልፍ ነበር፤ አሁን ግንቡ ገደበው።

«ልጄ፣ ይሄ ግንብህ እኮ ብርዱን እኔ ላይ አቆረው።»

«እማማ፣ ብርዱ እኮ የሚመጣው በእርስዎ በኩል ነው። እኔ ምን አደረግሁ? በሬን ነው የዘጋሁት።»

«በኔ በኩል ያልፍ ነበር። አሁን ያድራል።»

ልጁ የሚለው ስሜት ይሰጣል። ብርዱን አልፈጠረውም፤ ከኪሱም አውጥቶ አልወረወረባቸውም። ወደ ቤቱ የሚመጣን ነገር ነው ያስቆመው። ብርድ ልብስ መልበስም እኮ ማስቆም ነው። ከጋቢው በምን ተለየ?

የጥንት ሮማውያን ስለ ዝናብ ውሃ ይህን ጥያቄ በሕጋቸው አንስተው ነበር። ውሃው በተፈጥሮው ከላይኛው መሬት ወደ ታችኛው ቢወርድ ማንም ማንንም አይከስም፤ ሰው ሠርቶ ወይም ገንብቶ አወራረዱን ቀይሮ ጎረቤቱን ከጎዳ ግን ይከሰሳል። የእማማ «ያልፍ ነበር፣ አሁን ያድራል» በሁለት ግስ ያንን ሕግ ይዟል። ለእኔ ከሕጉም በላይ የሚያሳምነኝ ተክሉ ራሱ ነው። ውርጭ የሚጎዳው ወሰን ሲያልፍ ነው። ቃሪያ ከዜሮ ትንሽ ወረድ ሲል ይሞታል፤ ጥቅል ጎመን ጥቂት ዲግሪ ይችላል። አንድ መንደር ውስጥ ብርዱ ሳስቶ ሁሉም ጋ ቢደርስ አሥሩም ጓሮ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ተለብልቦ ይተርፋል። ዘጠኙ ግንብ ሠርተው አሥረኛው ላይ ቢያቁሩት ግን ያ አንዱ ያልቃል። የብርዱ መጠን አልተጨመረም፤ አሰፋፈሩ ተቀየረ እንጂ። «እኔ ብርድ አልፈጠርኩም» የሚለው መልስ ስለ መጠኑ ነው የሚያወራው፤ የእማማ ጥያቄ ስለ አሰፋፈሩ ነው። በኑሮ ውድነትም፣ በመብራት ፈረቃም፣ በሌላም በሌላም ይህን ዓይነት ጭቅጭቅ የሰማችሁ ይመስለኛል።

ብርዱን ማንም ላይ ሳይጥሉ ብዙ ሰው አብሮ የሚድንበት መንገድ የለም ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ ወደ ቲቲካካ ሐይቅ ልውሰዳችሁ። ፔሩና ቦሊቪያ ድንበር ላይ፣ 3800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በኛ አጠራር ድርብ ውርጭ ነው። የጥንት ሰዎች እዚያ ማሳቸውን እንደ መደብ ከፍ አድርገው በየመሃሉ ሰፋፊ የውሃ ቦዮች ቆፈሩ። ውሃው ቀን የፀሐዩን ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊት በማሳዎቹ መሃል ቀስ ብሎ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎችና የአካባቢው ገበሬዎች የተተወውን ማሳ እንደገና ሠርተው ድንች ሲተክሉበት፣ ውርጭ ሲመጣ አጠገቡ ካለው ሜዳማ ማሳ በጣም ያነሰ ጉዳት ደረሰበት። አንዱ ቦይ ግራና ቀኙን ያሞቃል፤ የኔን ብቻ ላሙቅ ቢሉ እንኳ አያስችልም። ደስ ይላል። ቢሆንም ያን ሁሉ ቦይ ማን ቆፈረው፣ ወድዶ ነው ተገድዶ የሚለውን ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩበታል። ያቺ ሊነጋ ሲል ጓሮ የምትወጣው ልጅ እዚያም አለች ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ መንዝ ጓሳ አለ። ከ3200 ሜትር በላይ፣ ስሙንም ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፤ ለብርድ አገር ሰው ሣር ማለት ሙቀት ማለት ነው። ሕዝቡ ለዘመናት «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ ያስጠብቀውና ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ በጋራ ያጭደው ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ጥበቃው በማኅበረሰቡ እጅ በሌላ መልክ ተመልሷል። እዚያ ስምምነቱ የሚደረገው ሜዳው ሳይከፈት፣ ማጭድ ሳይሳል ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፓምፕ ይዘህ የምትወስነው ዓይነት አይደለም።

ወደ ግንቡ ልመለስ፣ ነገሩ አላለቀማ። የአትክልት አዋቂዎች እንዲህ ላለው ችግር የሚሰጡት መፍትሔ በጣም ቀላል ነው። ቀዝቃዛ አየር ምድር ለምድር ስለሚሄድ ግንቡ ከሥሩ ክፍት ቢተውለት ይፈሳል። ሁለቱ ተነጋግረው እንደሆነ እንበል፤ ልጁም ከታች በኩል የራሱን አጥር ከፍቶ አየሩ እሱም ጋ ሳያድር እንዲወጣ ሊያደርግ ነው። ከዚያ በታች ወንዝ ነው፤ ማንም የለም።

«ስንት ብሎኬት ላውጣ?»

«በየሦስት እርምጃው አንድ አንድ ይበቃል መሰለኝ።»

«ዶሮዎችዎ ግን ይገባሉ እማማ። ባለፈው ሰላጣዬን ጨረሱት።»

«እሱስ ይገባሉ» አሉ እማማ። «ወንፊት ሽቦ ስንት ገባ አሁን?»